አደራና ችሎታ፦ ከሰባተኛ እድሮች የምንማረው



በዚህ እትም ለጥናት የመረጥነው ርእስ በየቁምስናችን፣ በየማኅበራችንና በየእድራችን ዘወትር የሚነሣ፣ ነገር ግን በጉባኤ ፊት በግልጥ የማንነጋገርበት ጉዳይ ነው። ይኸውም፣ ሰዎች ያለ ደመወዝ በፈቃዳቸው በሚያገለግሉበት ማኅበር ውስጥ፣ ዕድሜያቸው የገፋ አባላት በብዙ ዘመን ያተረፉት መታመንና ወጣቶች በትምህርት ያገኙት የሙያ ችሎታ በተገፋፉ ጊዜ የትኛው ይቅደም? የሚለው ጥያቄ ነው።

መልሳችንን ከወዲሁ ብናስታውቅ የተሻለ ነው። መታመን መሠረት ነው፤ ችሎታ ደግሞ በመሠረቱ ላይ የሚሠራ ግድግዳ ነው። ግድግዳው ቢሰነጠቅ ይጠገናል፤ መሠረቱ ከተናደ ግን ቤቱ በሙሉ ይወድቃል። ይህን ስንል ችሎታን ማቃለላችን አይደለም፤ የሽማግሌዎችም ሥራ ከቁጥጥር ውጭ ይሁን ማለታችን አይደለም። ሁለቱም በየቦታቸው ሊቀመጡ ይገባል ማለታችን ነው። ነገሩን በአሳብ ብቻ ከመተንተን ይልቅ ሁላችንም በምናውቀው ሥርዓት፣ ይኸውም በእድር፣ ለዚያውም በመርካቶ ሰባተኛ አካባቢ በሚገኙት እድሮች አማካይነት እንመርምረው።

፩. ሰባተኛና የእድር ሥርዓት

ሰባተኛ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ ከአውቶቡስ ተራ ወደ አብነት በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኝ ሰፈር ነው። በመስከረም 2008 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው የከተማው የቀላል ባቡር መስመር በዚሁ ሲያልፍ አንዱ ጣቢያ በስሙ ተጠርቷል። ሰፈሩ ከገበያው ተለይቶ አይታይም። መርካቶ ዛሬ ባለበት ስፍራ የሰፋው በጣልያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ የወራሪው አስተዳደር ዋናውን ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ ወደ ምዕራብ ካዛወረ በኋላ ነው። ስሙም ገበያ ከሚለው የጣልያንኛ ቃል የመጣ መሆኑ የታወቀ ነው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ከጉራጌ፣ ከስልጤ፣ ከኦሮሞ፣ ከአማራና ከሌሎችም አገሮች የመጡ ሰዎች ለሥራ ተሰብስበውበታል። የራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና የአንዋር መስጊድ በቅርብ ርቀት የሚተያዩበት ገበያ እንደ መሆኑም መጠን፣ በዙሪያው ባሉት ሰፈሮች ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ግቢ ውስጥ ተጎራብቶ ኖሯል።

ከአገሩ ርቆ በከተማ ለሚኖር ሰው ትልቁ ሥጋት ሞት ነበር። በአገር ቤት ዘመድ አዝማድ ይቀብረዋል፤ በከተማ ግን ማን ይቀብረዋል? ለለቅሶ የመጣውን ማን ያስተናግዳል? ብዙ አጥኚዎች እንደሚያስረዱት፣ እድር በከተሞቻችን ሥር የሰደደው በ20ኛው ምዕተ ዓመት የመጀመሪያ ዐሥርት ዓመታት ሲሆን፣ ይበልጥ የተስፋፋው ከጣልያን ወረራ ወዲህ ነው። አንዳንዱ በአገር ልጅነት፣ አንዳንዱ በሰፈር፣ አንዳንዱም በሥራ ባልደረብነት ተቋቋመ።

አሠራሩን ሁላችን እናውቀዋለን። እድርተኛው በየወሩ መዋጮ ያዋጣል። ሞት ሲደርስ ጡሩምባ ይነፋል፤ ድንኳን ይተከላል፤ አግዳሚ ወንበር፣ ድስትና ሳሕን ከግምጃ ቤት ይወጣል፤ ለሐዘንተኛውም በደንቡ የተወሰነው ገንዘብ ይሰጠዋል። እድሩን ዳኛ ይመራዋል፤ ጸሐፊ መዝገቡን ይይዛል፤ ገንዘብ ያዥና ንብረት ያዥ ይመረጣሉ። አብዛኞቹ የሚያገለግሉት ያለ ደመወዝ ነው። እናቶች ደግሞ የራሳቸውን እድር አቋቁመው ወጡን ይሠራሉ፣ እንግዳውን ያስተናግዳሉ፣ ከሐዘንተኛዋም አጠገብ ይቀመጣሉ።

በቅርብ ዓመታት በዚህ አሠራር ላይ አዲስ ነገር መጥቷል። መዝገቡ ከደብተር ወደ ኮምፒዩተር እየተዛወረ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ መዋጮን በስልክ መክፈል ተለምዷል። ቀድሞ በጡሩምባ ይነገር የነበረው ዛሬ በቴሌግራምም ይተላለፋል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ስብሰባ በተገደበ ጊዜ፣ ስልክ ምን ያህል እንደሚጠቅም ሁሉም ተረድቷል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ከዚህ ጋር አንድ አሳብ አብሮ ይመጣል፤ «ሽማግሌዎቹ ደክመዋል፤ ኮምፒዩተር አያውቁም፤ እነርሱ ይረፉና ሥራው ለሚያውቁት ይሰጥ» የሚል አሳብ ነው። የሚናገሩት ሰዎች ብዙውን ጊዜ በቅንነት ነው የሚናገሩት። ታዲያ ጥያቄው፣ ሥራውን የሚያውቀው ማን ነው? የሚል ይሆናል።

፪. በመዝገብ የማይጻፍ ዕውቀት

የእድር ሥራ ቆጠራ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ፈጥኖ የሚቆጥር ይበልጥ ነበር። ነገር ግን ከቆጠራ ውጭ ያሉትን ሦስት ነገሮች እንመልከት።

ሀ) ያልከፈለው ሰው ማን ነው? በብዙ እድሮች ደንብ መሠረት ለተወሰኑ ወራት መዋጮ ያልከፈለ አባል ይቀጣል፤ ከዚያም ይሰረዛል። እንበልና፣ ጉልት እየቸረቸረች ልጆች የምታሳድግ አንዲት እናት አራት ወር ሳትከፍል ቀረች። በኮምፒዩተሩ ሠንጠረዥ ላይ ስሟ በቀይ ይታያል። ጸሐፊው ደንቡን ያነባል፤ ደንቡም ይሰረዝ ይላል። ጸሐፊው አልተሳሳተም። ነገር ግን በዚያ ግቢ አርባ ዓመት የኖሩት ሽማግሌ፣ ሴትየዋ ልጇ ታሞባት የጉልት ገንዘቧን ለሕክምና እንዳወጣች ያውቃሉ። እፍረት ይዟት እንጂ ንቀት አድሮባት እንዳልቀረችም ያውቃሉ። ማታ በሯን አንኳኩተው ያነጋግሯታል፤ ስሟን በጉባኤ ሳያነሡ ጊዜ ይለምኑላታል፤ ምናልባትም አንዱን ወር ከኪሳቸው ይከፍሉላታል። ዳተኛ የሆነውን ሌላውን አባል ደግሞ እነዚሁ ሽማግሌ አይምሩትም። ሁለቱ በሠንጠረዡ ላይ አንድ ናቸው፤ በሽማግሌው ዘንድ ግን አንድ አይደሉም። ሴትየዋ ተሰርዛ ቢሆን ኖሮ፣ በቤቷ ሞት በደረሰ ቀን ድንኳን አይተከልላትም ነበር። እንግዲህ በዚህ ሥራ ላይ የተያዘው ቁም ነገር ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ከዚህ እንረዳለን።

ለ) መርዶ ማን ይናገራል? ሰው በሩቅ አገር በሞተበት ጊዜ ለቤተ ሰቡ መርዶ የሚነገረው እንደ ዋዛ አይደለም። የተከበሩ ሰዎች ተመርጠው፣ አብዛኛውን ጊዜ ማለዳ ጎሕ ሲቀድ፣ በሐዘንተኛው ቤት ይገኛሉ። ማን ቀድሞ ይገባል? ማን ይናገራል? የልብ ሕመም ያለባት እናት አጠገብ ማን ይቁም? ይህን የሚያውቁት ብዙ ጊዜ ያደረጉት ናቸው። ቴሌግራም ዜናውን በአንዲት ቅጽበት ለሦስት መቶ ሰው ያደርሳል፤ ፍጥነቱም ራሱ ጉዳት የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ምክንያቱም ልጅ የአባቱን ሞት በሥራ ቦታው ከስልክ ሊያነብ ይችላልና።

ሐ) ጠብ ማን ያበርዳል? ሐዘን ባለበት ቤት የውርስ፣ የቤትና የቀብር ቦታ ክርክር ይነሣል። ክርስቲያንና እስላም በአንድነት በታቀፉበት እድር ደግሞ የምግቡ፣ የጸሎቱና የቀብሩ ሥርዓት ጥንቃቄ ይጠይቃል። በዚህ ጊዜ የሚደመጠው ለሁለቱም ወገን አልቅሶ የሚያውቅ፣ ከማንም ወግኖ ያልታየ ሰው ነው።

እነዚህን ሦስቱን በአንድነት ስናያቸው አንድ ነገር እናስተውላለን። አንድ አስተዋይ ወጣት የሒሳብ አያያዝን በጥቂት ወራት መማር ይችላል። እድሩም አስፈላጊ ሲሆን ባለሙያ ከውጭ በገንዘብ መቅጠር ይችላል። የአርባ ዓመት መታመን ግን በሥልጠና አይገኝም፤ በገንዘብም አይቀጠርም። ስለዚህ ሁለቱን ስናመዛዝን፣ በቀላሉ የሚተካውን አስበልጠን የማይተካውን ብናጣ፣ የማኅበሩን ጥቅም በትክክል አላሰላነውም ማለት ነው።

በአገራችን «ሰውን ማመን ቀብሮ ነው» የሚል ተረት አለ። ሰው እንዳይከዳህ እርግጠኛ የምትሆነው ከሞተ በኋላ ነው ማለት ነው። እድር ይህን የተስፋ መቍረጥ ንግግር ወደ ሌላ ትርጉም ለውጦታል ብንል አንሳሳትም። በእድር ውስጥ የምናምነው ሰው እኛ የቀበርነው ሳይሆን የእኛን ሙት የቀበረልን ነው። ዝናብ ሳይል ከሬሳው ኋላ የሄደ፣ እስከ ሠልስት በድንኳኑ ሥር ያደረ ሰው፣ ገንዘባችንን ቢይዝ አንሠጋም። መታመኑ ከአንደበቱ አልመጣም፤ ካደረገው መጣ።

የእቁብም ሥርዓት ይህንኑ ያስረዳናል። የመርካቶ ነጋዴዎች ብዙ ገንዘብ በእቁብ ሲያዞሩ፣ ዕጣ የደረሰው ሰው ገንዘቡን የሚወስደው ዋስ ጠርቶ ነው። የዋሱን ብቃት የሚመዝነው ዳኛው ነው። ዳኛው የሚመዝነውም ስንት ዓመት በተራው እንደ ነገደ፣ ከማን ጋር ተበድሮ እንዴት እንደ ከፈለ፣ በከሰረ ጊዜ ሸሽቶ እንደ ሆነ ወይም ቆሞ እንደ ከፈለ በማስታወስ ነው።

ይህ የእኛ አገር ጠባይ ብቻ አይደለም። በ2009 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት የተሰጣቸው አሜሪካዊት ሊቅ ኤሊኖር ኦስትሮም፣ በልዩ ልዩ አገሮች የመስኖ ውኃን፣ ደንንና ግጦሽን በኅብረት የሚጠብቁ ማኅበረ ሰቦችን አጥንተው ውጤቱን በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ አቅርበዋል። ለረጅም ዘመን ጸንተው የቆዩት ማኅበረ ሰቦች የሚመሳሰሉባቸውን ነገሮች ሲዘረዝሩ፣ ተቆጣጣሪዎቹ ከአባላቱ መካከል የሆኑ ወይም ለአባላቱ ተጠያቂ የሆኑ፣ ቅጣቱ ከቀላል ጀምሮ ደረጃ በደረጃ የሚከብድ፣ ጠብም በቅርብና በጥቂት ወጪ የሚታይ መሆኑን አመልክተዋል። ማታ በር አንኳኩቶ የሚመክር የእድር ሽማግሌ ይህንኑ ሲሠራ ኖሯል።

፫. ከቅዱስ መጽሐፍ የምናገኘው መመሪያ

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 የተጻፈው ታሪክ ለጉዳያችን እጅግ የቀረበ ነው። በኢየሩሳሌም በነበረችው ቤተ ክርስቲያን፣ በየዕለቱ በሚታደለው ምግብ የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ መበለቶች ተዘነጉ ተብሎ ማጕረምረም ተነሣ። ጉዳዩ የስም ዝርዝርና የዕደላ፣ ማለት የአስተዳደር ጉዳይ ነበር። ሐዋርያት ግን ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ ሲያዝዙ፣ አስቀድመው የጠየቁት የቆጠራ ችሎታን አልነበረም፤ በሕዝቡ ዘንድ መልካም ምስክር ያላቸው፣ መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸው እንዲሆኑ ነው። የተዘነጉት መበለቶች ያጡት ምግብ ብቻ አልነበረም፤ አመኔታም ነበር። አመኔታን የሚመልሰውም የታመነ ሰው ነው።

በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 12 ደግሞ ንጉሥ ሮብዓም አባቱን ያገለገሉትን ሽማግሌዎች ምክር ትቶ የእኩዮቹን ምክር በተከተለ ጊዜ መንግሥቱ ለሁለት እንደ ተከፈለ እናነባለን። ሽማግሌዎቹ የሕዝቡን ሸክም ያውቁ ነበር፤ እኩዮቹ ግን የንጉሡን ኃይል ብቻ ያውቁ ነበር።

ነገር ግን ሽማግሌ ሁሉ የአዲስ አሠራር ጠላት እንደ ሆነ አድርገን አንሣል። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 18፣ ሙሴ ከማለዳ እስከ ማታ ለሕዝቡ ሲፈርድ ደክሞ ባየው ጊዜ፣ ሥራውን በሺህ፣ በመቶ፣ በአምሳና በዐሥር አለቆች እንዲከፋፍል የመከረው አረጋዊው አማቱ ዮቶር ነው። የተሻለው አሠራር የመጣው ከሽማግሌው ነበር ማለት ነው። አለቆቹም እግዚአብሔርን የሚፈሩ፣ የታመኑና ጉቦን የሚጠሉ እንዲሆኑ አጥብቆ መክሯል።

ቅዱስ ጳውሎስም በበኩሉ ለወጣቱ ጢሞቴዎስ (1ኛ ጢሞ. 4፣12) ማንም ወጣትነቱን እንዳይንቅ፣ እርሱም በኑሮው ለምእመናን ምሳሌ እንዲሆን ጽፎለታል። ወጣት ሊታመን የሚችለው እንዴት እንደ ሆነ በዚህ ተገልጦአል፤ መንገዱ ኑሮ ነው።

፬. መታመን ቁጥጥርን አይጠላም

እስካሁን የተናገርነውን በተሳሳተ መንገድ የሚረዳ ሰው፣ «እንግዲያውስ ሽማግሌው የያዘውን መዝገብ አንጠይቅ» ሊል ይችላል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። «አምነነዋል» የሚለው ቃል ለስንፍና መሸፈኛ የሆነባቸው ማኅበራት አሉ። የግምጃ ቤቱ ቁልፍ በአንድ ሰው እጅ ለዓመታት ይቀመጣል፤ ሒሳብ ሳይመረመር ይቆያል፤ የጠየቀ ወጣት እንደ ባለጌ ይቆጠራል። ሊጠየቅ የማይችል ሰው ይፈራል እንጂ ይታመናል አይባልም።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን ገንዘብ ሲያስተላልፍ (2ኛ ቆሮ. 8፣18-21) ብቻውን አልያዘውም። በአብያተ ክርስቲያናት የተመረጡ ሌሎች ሰዎች አብረውት እንዲሄዱ ያደረገው፣ ማንም ሊነቅፈው እንዳይችልና ሥራው በእግዚአብሔር ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት የተጣራ እንዲሆን አስቦ ነው። ከጳውሎስ የበለጠ የታመነ ማን ነበር? እርሱ ግን ምስክር ጠራ። የታመነ ሽማግሌም እንዲሁ መዝገቡ ሲመረመር ደስ ይለዋል፤ ምርመራው ስሙን ይጠብቅለታልና።

ሌላም ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ዓይን ይደክማል፤ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ የማስታወስ ኃይልም ይቀንሳል። የሰማንያ ዓመት አዛውንትን የገንዘብ ሣጥን አሸክሞ መተው አክብሮት አይደለም፤ በእርጅናቸው ስሕተት ቢገኝ የዕድሜ ልክ ስማቸው ይጎድፋልና። ስለዚህ ሸክሙን ከትከሻቸው እናውርድ፤ ቃላቸውን ግን ከጉባኤው አናውርድ።

፭. በተግባር ምን እናድርግ?

በቁምስና ምክር ቤት፣ በማኅበር ወይም በእድር ለሚያገለግሉ ሁሉ የሚከተሉትን እናሳስባለን።

1. ሁለቱን አጣምሩ። ወጣቱ ኮምፒዩተሩን ይያዝ፤ ሽማግሌው አጠገቡ ይቀመጥ። አባልን የሚሰርዝ ወይም የሚቀጣ ውሳኔ ሁለቱ ሳይነጋገሩ አይተላለፍ።

2. አዲሱ መዝገብ ሲጀመር አሮጌው ደብተር ወዲያው አይጣል። ለአንድ ዓመት ያህል ጎን ለጎን ይያዙና ይመሳከሩ። በዚህ ጊዜ ወጣቱ በደብተሩ ኅዳግ ላይ ያሉት ምልክቶች ምን ማለት እንደ ሆኑ ከሽማግሌው ይማራል።

3. ገንዘብ በማኅበሩ ስም በባንክ ይቀመጥ፤ ከአንድ በላይ በሆነ ፊርማ ብቻ ይውጣ። ሒሳብም በየጊዜው ለጉባኤው ይነበብ። ይህ ደንብ ለሽማግሌውም ለወጣቱም እኩል ይሥራ።

4. ስልክ የሌለውን አባል በር አትዝጉበት። መዋጮን በእጅ የሚቀበል ሰው ሁልጊዜ ይኑር፤ ጡሩምባውም አይቅር። ብዙ አረጋውያን በየወሩ መዋጮ ይዘው የሚመጡት ለመክፈል ብቻ ሳይሆን ሰው ለማየት ጭምር ነው።

5. ወጣቱ አገልጋይ መዝገብ ከመያዙ አስቀድሞ ወይም መያዝ እንደ ጀመረ፣ ወደ ለቅሶ ቤት ይሂድ፤ ድንኳን ይትከል፤ ሬሳ ይሸኝ። የእድርተኛው ስም በሠንጠረዥ ላይ ያለ ተራ ቍጥር ሆኖ እንዳይቀርበት የሚረዳው ይህ ነው።

6. በመልሶ ማልማት ምክንያት ነዋሪው ከነባር ሰፈሩ ተነሥቶ በየአቅጣጫው በተበተነ ጊዜ፣ የማኅበሩን አባላት በስምና በፊት የሚያውቁትን ሽማግሌዎች አስቀድማችሁ ፈልጉ። ስልክ ቍጥር ይለወጣል፤ ማን የማን ልጅ እንደ ሆነ የሚያውቁ ሰዎች ግን ማኅበሩን እንደ ገና ሊሰበስቡት ይችላሉ።

7. ከሥራ የሚያርፉ አገልጋዮች በጉባኤ ፊት ተመስግነው፣ በአማካሪነት ተሰይመው ይረፉ። በሌሉበት ተመክሮ «ተተክተዋል» ተብሎ መልእክት የተላከባቸው ሽማግሌ ሲያዝኑ፣ አብረዋቸው የሚያዝኑት ብዙዎች ናቸው። የማኅበሩም አመኔታ ቀስ በቀስ የሚፈሰው በዚህ በኩል ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን ስለ አረጋውያን ያላትን አሳብ በልዩ ልዩ ጊዜ ገልጣለች። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ1999 እ.ኤ.አ. ለአረጋውያን መልእክት ጽፈዋል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም በ2021 እ.ኤ.አ. የአያቶችና የአረጋውያን ዓለም አቀፍ ቀን በሐምሌ ወር (በጎርጎርዮስ አቈጣጠር) አራተኛው እሑድ እንዲከበር ወስነዋል። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ይህን ጥናት ለዚያ ቀን ማዘጋጃ ሊያደርጉት ይችላሉ። ነገር ግን በዓመት አንድ ቀን ሽማግሌዎችን አመስግኖ በቀሩት ቀኖች ምክራቸውን አለመጠየቅ በቂ አለመሆኑን ልብ እንበል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ) በቁምስናችን ወይም በእድራችን ያለ ደመወዝ ረጅም ዘመን ያገለገሉት እነማን ናቸው? ባለፈው አንድ ዓመት ምክራቸው የተጠየቀው በምን ጉዳይ ነበር?

ለ) በደንባችን መሠረት መዋጮ ያልከፈለ አባል ከመሰረዙ አስቀድሞ ቤቱ ሄዶ የሚጠይቀው ሰው ተመድቧልን?

ሐ) በማኅበራችን ሒሳብ በየስንት ጊዜው ይመረመራል? ሒሳብ መጠየቅ እንደ ነውር የሚቆጠርበት ሁኔታ ካለ ምክንያቱ ምንድን ነው?

መ) የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6፣1-6 በአንድነት ይነበብ። ሐዋርያት ከጠየቋቸው ጠባዮች ውስጥ እኛ አገልጋይ ስንመርጥ የምንዘነጋው የትኛውን ነው?

ሠ) ወጣት አባሎቻችን አመኔታን እንዲያተርፉ ምን ዓይነት አገልግሎት ልንሰጣቸው እንችላለን?

የጥናቱ መሪ ከውይይቱ በኋላ እያንዳንዱ ተሳታፊ እስከሚቀጥለው ስብሰባ ድረስ አንድ አረጋዊ አገልጋይ ቤታቸው ሄዶ እንዲጠይቅ፣ ማኅበሩ በምን ሁኔታ እንደ ተመሠረተና በችግር ጊዜ እንዴት እንደ ጸና ከአንደበታቸው እንዲሰማ ያሳስብ። የሰማውንም፣ የሰው ምሥጢር ያልሆነውን ብቻ ለይቶ፣ በማኅበሩ መዝገብ ይጻፈው።